የታችኛው ጠርሙስ

ያን ዓመት የያዝኩት ደብተር ሰማያዊ ሽፋን ያለው ባለ ሃምሳ ሉክ ነው። ገጾቹን በማስመሪያ አራት አራት ዓምድ አድርጌ ከፈልኳቸው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ያገኘሁት ሰው፣ የተባልኩት። የመጨረሻውን ዓምድ ከሌሎቹ አስፍቼው ነበር፤ ብዙ ነገር እባላለሁ ብዬ። ለአብዛኛው ቀን ግን ሁለት ቃል በቃው። “ገና ነው” አሥራ አንድ ጊዜ ተጽፏል። “ነገ ተመለስ” ሰባት ጊዜ። “መስክ ወጥታለች” አምስት ጊዜ፤ ከአምስቱ አንዱን ግን ባለሙያዋን በጓሮ በር ስትወጣ በዓይኔ ስላየኋት በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት።

የምፈልገው አንድ ገጽ ወረቀት ነበር፤ የውሃ ምርመራ ውጤት።

ውሃው የኤሱማዬ መንደር ወንዝ ነው። የእናታችንን ወንድም እኛ በኦሮምኛ ኤሱማ ነው የምንለው፤ አማርኛ ስናወራም አጎት አንልም። እሳቸው የሚኖሩት ከጅማ በስተደቡብ፣ በደዶ መንገድ ተሂዶ ከሚኒባስ ከተወረደ በኋላ በእግር አርባ ደቂቃ ቁልቁል በሚያስኬድ መንደር ነው። አባቴ ሲሞት ስድስት ዓመቴ ነበር። እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ ያሳደጉኝ እሳቸውና አዮ የምላቸው ሚስታቸው ናቸው። ዋና የተማርኩት በዚያ ወንዝ ነው።

ከመንደሩ በላይ የቡና ማጠቢያ ከተተከለ ወዲህ ወንዙ በዓመት ሦስት ወር ሌላ ነገር ይሆናል። ቀይ ቡና የተፈለፈለበትና የታጠበበት ውሃ ከነልጣጩ ይለቀቅበታል። በመጀመሪያው ሳምንት ማር ማር ይሸታል። በሁለተኛው የኮመጠጠ ሊጥ። ከዚያ በኋላ ላለው ሽታ ምሳሌ አጥቻለሁ። መልኩ ወፍራም ሻይ ነው። ጥጃ አፉን ነክሮ ያወጣና ጭንቅላቱን እያራገፈ ዞር ይላል። አዮ ልብስ የሚያጥቡት በዚያ ስለሆነ እጃቸው ከክርን በታች ይላጣል፤ ቅቤ ይቀቡታል፣ ደግሞ ይላጣል።

ምንጭ አለ፤ ከመንደሩ ሽቅብ አንድ ሰዓት፣ ጫካው ጥግ። ቀጭን ነው። አንዲት ጀሪካን እስክትሞላ ወረፋ የያዘችው ሴት አንድ ሹሩባ ሠርታ ትጨርሳለች። ስለዚህ ሰዉ ለራሱ የወንዙን አፍልቶ ይጠጣል፤ የምንጩ ውሃ በየቤቱ በር ጥግ፣ ክዳን ባለው እንስራ ይቀመጣል። ከዚያ እንስራ የቤት ሰው አይቀዳም። የእንግዳ ነው። ልጅ ሆኜ አንዴ ከዚያ ጠጥቼ በኩርኩም ተመትቻለሁ።

የዚያን ዓመት ኅዳር የመንደሩ ሰዎች ኤሱማዬን ወክለው አቤት አሉ። ጉዳዩ ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ባለሙያ መጣች። ሁለት ጠርሙስ ውሃ ተወሰደ፤ አንዱ ከማጠቢያው በላይ ካለው ድልድይ፣ አንዱ ከታች፣ ከመንደሩ። ሁለቱም ለምርመራ ወደ ክልል ተላኩ። ውሃውን ያበላሸው ማጠቢያው መሆኑ ከታየ፣ የቆሻሻ ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ሳይቆፍር በሚቀጥለው ዓመት ሥራ እንዳይጀምር ይደረጋል ተባለ። ይህን የሚወስነው ኮሚቴ ነሐሴ ላይ ይሰበሰባል። እስከዚያ ወረቀቱ ካልተገኘ የአዮ እጅ ሌላ አንድ ዓመት ይላጣል ማለት ነው።

ጥር ሲገባ ኤሱማ ደወሉልኝ። “ኢልመ ኮ” አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ “ያ ውሃ ሄዶ ቀረ። አንተ ወረቀት ታውቃለህ። እስቲ ፈልግልን።”

ወረቀት አውቃለሁ። ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ ከዚያ ወዲህ የምሠራው ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ባለ አንድ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩን ማንም አላስተማረኝም። ማመልከቻ አጻጻፍም እንደዚሁ። ሰዎች ኮፒ ሊያስደርጉ የሚያመጡትን አዋጅና መመሪያ ማሽኑ እስኪሞቅ ድረስ እያነበብኩ ብዙ ነገር ይዤአለሁ። ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ እንደሚችል፣ ለምን እንደፈለገው የመናገር ግዴታ እንደሌለበት፣ መልሱም በሠላሳ ቀን ሊሰጠው እንደሚገባ ያነበብኩት እዚያው ቆሜ ነው። ሠላሳ ቀን የሚለውን ስላመንኩት፣ ደብተሩን ስገዛ ሃምሳ ሉክ በዛ ብዬ ነበር።

ጽሕፈት ቤቱን በስሙ አልጠራውም። ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ መዝገብ ቤቱ ከደረጃው ሥር ነው። በሩ ላይ ጠረጴዛ ተገትሯል፤ ከጠረጴዛው ወዲያ ሰማያዊ ጋውን የለበሱ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ አዛውንት ይቀመጣሉ። ማመልከቻዬን የጻፍኩት በኦሮምኛ ነው፤ የቢሮው የሥራ ቋንቋ እሱ ስለሆነ። እሳቸው አንብበው ሲጨርሱ በአማርኛ ጠየቁኝ።

“ጠበቃ ነህ?”

“አይደለሁም ጋሼ።”

“ጋዜጠኛ?”

“ፎቶ ኮፒ ነው የምሠራው።”

“እሱ ከሁለቱም ይብሳል” አሉና ማህተሙን መቱልኝ።

ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ባለሙያዋ ቢሮ መሩኝ። ከኔ በጥቂት ዓመት የምትበልጥ ሴት ናት፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው። “ወንድሜ፣ ክልል ነው ያለው” አለችኝ። “ሲመጣ እንደውልልሃለን።” ስልክ ቁጥሬን ሰጠኋት። እሺ አለችኝ፤ በእጇ እስክሪብቶ አልነበረም። ይህን ደረጃው ላይ ቆሜ ጻፍኩት፦ “እስክሪብቶ አልያዘችም።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንት አንዴ፣ አንዳንዴ ሁለቴ፣ ከሥራ በፊት እሄድ ነበር። ጋሼ መዝገቡን ይገልጡና ጣታቸውን ከላይ እስከ ታች ያወርዳሉ። “በስምህ የመጣ የለም።” ሁልጊዜ ያችኑ ዓረፍተ ነገር ነው የሚሏት፤ አንድ ቃል እንኳ ሳይቀይሩ። ተለማምደዋታል ብዬ ጠረጠርኩ። ሰው እውነት ሲናገር ቃሉን ይለዋውጣል፤ የሚሸፍነው ነገር ያለው ነው አንድ መልስ የሚያጠና። እንዲህ ነበር የማስበው።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ማክሰኞ የማጠቢያው ነጭ ፒካፕ ግቢው ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። ጎማው ላይ የደረቀው ጭቃ ቀይ ነበር፤ የመንደራችን መንገድ ጭቃ ነው። አልገባሁም። ከመንገዱ ማዶ ባጃጅ ማቆሚያው ጋ ቆሜ ሰዓቴን ያዝኩ። ሃምሳ ሁለት ደቂቃ። አንድ ወፍራም ሰው ወጥቶ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። “ባዶ እጁን ወጣ” ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም “ይዞት የገባው ምን ነበር?” ሲገባ አላየሁትም እኮ። አንድ ነገር ይዞ መግባቱን ማንም አልነገረኝም። ያን ቀን ግን ጥያቄው ራሱ ማስረጃ መሰለኝ።

የሚያውቀኝ ባጃጅ ነጂ ከኋላዬ ሆኖ፣ “ሰላዩ! ዛሬስ የማንን ታርጋ መዘገብክ? የኔን ደግሞ እንዳትጽፍ፣ ቦሎ አላሳደስኩም” ብሎ ሳቀብኝ። አልሳቅሁም። ታርጋውን በእርግጥ ጽፌዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር አንድ ላይ ይገጥምልኝ ጀመር። ባለሙያዋ ኮሪደር ላይ ስታገኘኝ ዓይኗን ትሰብራለች። ጋሼ እኔን ሲያዩ መዝገቡን ወደ ራሳቸው ሳብ ያደርጋሉ። የጥበቃው ሰላምታ እንኳ አጠረብኝ። ሠላሳው ቀን ሦስት ጊዜ አልፎ ነበር። ወረቀቱ መጥቷል፣ ተደብቋል ብዬ ደመደምኩ። የቀረኝ ማን እንደደበቀው ማወቅ ብቻ ነበር።

ግንቦት ውስጥ፣ ከተማው በፈረቃ መብራት በሚጠፋበት ሰሞን፣ ሱቃችን በራፍ ላይ ጋሼን አየኋቸው። ጋውናቸውን አልለበሱም፤ በብብታቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ይዘዋል። የቢሮው ማሽን ተበላሽቶ፣ ለተቆጣጣሪዎች የሚቀርብ የመዝገብ ገጽ ኮፒ አስፈልጓቸው ኖሯል። የኔ ሱቅ መሆኑን አላወቁም።

“አንተ ነህ እንዴ ኮፒው?” አሉ።

“እኔ ነኝ ጋሼ። ይቀመጡ።”

ጥቅልሉን ሲፈቱት የገቢ ደብዳቤዎች መዝገብ ነበር። አራት ወር ሙሉ ጣታቸው ሲወርድበት ያየሁት ያው መዝገብ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ከእጄ ሳይነቅሉ አሥራ ሁለት ገጽ አስገለበጡኝ። አንድ ትርፍ ኮፒ ብጨምር ማሽኑ አይናገርብኝም ነበር። አልጨመርኩም፤ በሰው አደራ እንዲህ አላደርግም። ዓይኔን ግን መጨፈን አልቻልኩም። የየካቲት ገጽ ላይ ከላይ ስድስተኛው መስመር፦ ከክልል፣ የውሃ ናሙና ውጤት፣ ሁለት ጠርሙስ፣ ለባለሙያ ተመርቷል። ከጎኑ የገቢ ቁጥሩ።

የካቲት! ደብተሬ ላይ “ገና ነው” የሚለው ከየካቲት በኋላ ስምንት ጊዜ ተጽፏል።

በማግስቱ ጠዋት የመዝገቡ ጠረጴዛ ላይ አዲስ ማመልከቻ አስቀመጥኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በዚህ ቁጥር የገባው ደብዳቤ ኮፒ ይሰጠኝ የሚል። ጋሼ መነጽራቸውን ከአንገታቸው አንስተው አደረጉ። ቁጥሩን አዩ። እኔን አዩ።

“ይህን ቁጥር ማን ሰጠህ?”

“እርስዎ።”

“እኔ?”

“ትናንት። በእጅዎ።”

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ከት ብለው ሳቁ፤ ሲስቁ ጥርሳቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። “አየህ አንተ ልጅ፣ አራት ወር በሬ ላይ ቆመህ ‘ውጤቴ መጣ ወይ፣ ውጤቴ መጣ ወይ’ ስትለኝ ከረምክ። ውጤቱ ያንተ ነው? በስምህ አልመጣም። በስምህ የመጣ የለም አልኩህ፤ የለም። እዚህ ቤት ወረቀት በባለቤቱ አይጠራም። በቁጥሩ ነው የሚጠራው።”

“ይህን ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር።”

“አልጠየቅከኝማ!”

ይህንንም ጻፍኩት። ከፊቱ ግን “አውቀው ነው” ብዬ ጨመርኩበት።

የኃላፊው ፊርማ ሌላ አምስት ሳምንት ወሰደ። ሰኔ ማለቂያ ላይ ማህተም ያረፈበት አንድ ገጽ በእጄ ገባ። እዚያው ደረጃው ሥር ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ሱቅ ሄጄ በስልኬ የእያንዳንዱን መስመር ትርጉም እየፈለግሁ ደግሜ አነበብኩት። ሁለት ዓምድ አለው፤ የላይኛው ጠርሙስና የታችኛው ጠርሙስ። ግርጌው ላይ ‘ናሙናዎቹ በባለሙያ ተቀድተዋል’ ይልና የባለሙያዋ ፊርማ አለ።

የታችኛው ጠርሙስ ንጹሕ ነበር። በመጠኑ አይደለም፤ ከላይኛው ይልቅ ንጹሕ። የቡና ልጣጭ ሳይገባበት ከድልድዩ ሥር ከተቀዳው ውሃ ይልቅ፣ ልጣጩ ሁሉ አልፎበት ሦስት ኪሎ ሜትር ወርዶ የመጣው ውሃ በየመስመሩ የተሻለ ነው ይላል። ወንዝ ወደ ላይ ካልፈሰሰ በቀር ይህ አይሆንም።

እንግዲህ ተያዙ አልኩ። ደስ አለኝ ብል ሐሰት አይሆንም። አራት ገጽ ክስ ጻፍኩ። ነጩን ፒካፕ ከነደቂቃው፣ የጓሮ በሩን፣ ያልተያዘውን እስክሪብቶ፣ የየካቲቱን መስመር፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል አስገባሁ። ባለሙያዋ ከማጠቢያው ባለቤት ጋር ተመሳጥራ ናሙና ለውጣለች አልኩ፤ ‘ሳትለውጥ አትቀርም’ ብዬ ጀምሬ ‘ለውጣለች’ ብዬ አስተካከልኩት። በአምስት ቅጂ አወጣሁ። የቀረው የመንደሩ ተወካይ ፊርማ ነበር፤ የኤሱማዬ።

ሐምሌ ሁለተኛው ቅዳሜ ሄድኩ። ቁልቁለቱ ተንሸራታች ስለነበር ወረቀቶቹን በፌስታል ጠቅልዬ ሸሚዜ ሥር አደረግኋቸው። ወንዙ ከጎኔ በክረምት ጎርፍ ይጮሃል፤ ቡና የለም፣ ሽታ የለም፣ ጭቃ ብቻ። ኤሱማ በረንዳው ላይ የአካፋ እጀታ ይሞርዳሉ፤ አዮ ባቄላ ይፈለፍላሉ። አዮ ከበር ጥግ ካለው እንስራ ቀድተው ሰጡኝ። ከተማ ከገባሁ ወዲህ እኔም እንግዳ ሆኛለሁ።

ክሱን እያብራራሁ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የታችኛው ጠርሙስ ላይ ስደርስ የሞረዱ ድምፅ ቆመ።

“ምን ይላል?” አሉ ኤሱማ።

“የመንደሩ ውሃ ንጹሕ ነው ይላል። ከድልድዩም ይበልጣል ይላል። ውሸት መሆኑ ከዚህ በላይ ምን—”

“ከድልድዩም ይበልጣል?”

“አዎ።”

አዮ የባቄላውን ሰፌድ ከጭናቸው አወረዱ። “ንገረው” አሏቸው።

“ምኑን?”

“ሰውዬ፣ ንገረው። አለበለዚያ እኔ እነግረዋለሁ።”

ኤሱማ ሞረዱን መሬት ላይ አስቀመጡ።  ያን ቀን ያለወትሮው ዝናብ ጥሎ ነበር አሉ። ባለሙያዋ ድልድዩ ጋ የላይኛውን ጠርሙስ ቀድታ፣ ወደ መንደሩ ስትወርድ ተንሸራታ ቁርጭምጭሚቷ ተጠመዘዘ። ይዘዋት ቤት አስገቧት። አዮ እግሯን በቅቤ አሹላት። ወደ ወንዙ መውረድ አልቻለችም። “እኔ እሞላልሻለሁ ልጄ” ብለው ጠርሙሱን ከእጇ ተቀበሏት።

“እና?”

“ወረድኩ። ልጣጩ ዳር ዳሩን እንደ አረፋ ይዞታል። ጠርሙሱን ነከርኩት። አወጣሁት። አየሁት።” እጃቸውን አንስተው የሌለውን ጠርሙስ በብርሃን አዩት። “ይህ የት ነው የሚሄደው ብዬ ጠይቄያት ነበር። ክልል፣ ትልልቅ ሰዎች ዘንድ ይቀርባል ብላኛለች። ኢልመ ኮ፣ ከቤቴ ወጥቶ ለትልቅ ሰው የሚቀርብ ውሃ እንዴት እንደዚያ ይሁን? ደፋሁት። በጓሮ ዞሬ ከዚህ ሞላሁላት።” ወደ በሩ ጥግ አመለከቱ። ወደ እንስራው።

እኔ የጠጣሁበት ጣሳ ገና በእጄ ነበር።

“ኤሱማ፣ የተጠየቀው እኮ ቆሻሻው ነው! ቆሻሻ መሆኑ እንዲታይ ነው!”

“ወንዙንማ በዓይኗ አየችው። ሽታውም አፍንጫዋ ውስጥ ነበር። ያየችውን ትጽፋለች ብዬ ነዋ። ጠርሙሱ ይናገራል ብዬ መች አሰብኩ? ወላሂ አላሰብኩም።”

“ታዲያ ይህን ሁሉ ወር ለምን አልነገሩኝም?”

“ማን ቀዳው ብለህ መች ጠየቅከኝ?”

ደብተሩን አወጣሁ። ለምን እንዳወጣሁት አላውቅም፤ ምናልባት ጠይቄ እንደሆነ ለማየት። ከጥር እስከ ሰኔ ያለው ሁሉ አለ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ሰው፣ ቃል። የጥበቃው ሰላምታ ማጠሩ እንኳ አለ። ኤሱማዬን አንድም ነገር የጠየቅሁበት ቀን የለም። የራሴ ቤት ሰዎች አይጠየቁም ብዬ ሳይሆን፣ መጠየቅ ትዝም ስላላለኝ ነው።

እዚህ ላይ ያሰብኩትን ልደብቅ አልፈልግም። ክሱን ባስገባውስ ብዬ አሰብኩ። የኤሱማን ነገር ከሦስታችን በቀር የሚያውቅ የለም። ክሱ ከገባ ወረቀቱ ይታገዳል፤ ኮሚቴው ንጹሕ ነው ብሎ ሊያልፈው አይችልም፤ ጉድጓዱ ይቆፈራል፤ የአዮ እጅ ይድናል። ባለሙያዋ ደግሞ ‘በባለሙያ ተቀድተዋል’ ብላ በሐሰት ፈርማለች፤ ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ናት ማለት አይቻልም። ይህን ሁሉ በፍጥነት አሰብኩት። በፍጥነት መምጣቱ ነው ያስፈራኝ።

አዮ ፊቴን ሳያዩት አልቀሩም። “ያችን ልጅ እግሯን ያሸሁት እኔ ነኝ” አሉ።  ባቄላቸውን አነሱ።

ኤሱማ ተነሡ። “ሰኞ አብሬህ እገባለሁ።”

ሰኞ የዒድ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን የከተማው መግቢያ ላይ አስጠርገው መጡ። ባለሙያዋ ስታያቸው ከወንበሯ ብድግ አለች። “አባባ! እግሬ እኮ ዳነ” አለች በኦሮምኛ፤ ከዚያ ከኋላቸው እኔን አየች፣ በእጄ ያለውን ወረቀት አየች፣ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ዓይኗን የምትሰብርበት ምክንያት ያኔ ገባኝ። እኔ በመጣሁ ቁጥር ያችን የግርጌ መስመር ነበር የምታስታውሰው።

ኤሱማ ነገሩን ቆመው ተናገሩ።  ሲጨርሱ በሩን ዘጋች።

“አባባ፣ ይህ ከተጻፈ ፋይሉ ውስጥ ይገባል። የእርስዎ ስም አለበት። የኔም አለበት። መመሪያው ናሙናውን በራስሽ እጅ ቅጂ ነው የሚለኝ።”

“አውቃለሁ ልጄ። እጄ ያበላሸውን አፌ ካላቀናው ምን ይሁን? አንቺስ?”

 መሳቢያዋን ሳበች፤ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣች። ኤሱማ የሚሉትን ራሷ ጻፈች። ከሥሩም የራሷን ሁለት መስመር ጨመረች፤ ናሙናው በሷ እጅ እንዳልተቀዳ። ኤሱማ በዐረብኛ ፊደል ፈረሙ። ሸሚዜ ሥር የነበሩትን አምስት ቅጂዎች ግን አላወጣኋቸውም፤ እንደተጠቀለሉ ሱቅ ወስጄ በመቀስ ቆራረጥኳቸው። ስለ ነጩ ፒካፕ ልጠይቃት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። አልጠየቅኋትም። ለምን መጥቶ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ያ መስመር ደብተሬ ላይ እንዳለ ነው፣ አልሰረዝኩትም።

ደረጃው ሥር ወርደን ጋሼ ወረቀቱን ገቢ አደረጉ፤ ቁጥር ሰጡት። እኔም ወዲያው ኮፒው ማህተም ተመትቶ ይሰጠኝ አልኩ።

ኤሱማ ዞረው አዩኝ። “የኔን ሐፍረት ደግሞ ኮፒ ታደርገዋለህ?”

ጋሼ ናቸው የመለሱላቸው። “ይተዉት አባባ። ኮፒ ያልተደረገ ነገር እዚህ ቤት አልተፈጸመም።”

ኮሚቴው ነሐሴ ላይ ተሰበሰበ። ንጹሕ ያለው ውጤት ከጎኑ በተያያዘው ቃል ምክንያት ዋጋ አጣ፤ ግን ማጠቢያው በከለው ለማለት ደግሞ ማስረጃ የለም። በክረምት ውሃ ቢቀዳም ጥቅም የለውም፤ ቡና የለበትም። ስለዚህ ማጠቢያው ይክፈት፣ ቀይ ቡና በገባ በሁለተኛው ሳምንት አዲስ ናሙና ይወሰድ፣ ጉድጓዱ በዚያ ውጤት ይወሰን ተባለ። የአንዲት እንስራ ውሃ አንድ የለቀማ ወቅት አሳጣን። መንደሩ ውስጥ ነገሩ ተሰማ። ሰዉ ኤሱማን ፊት ለፊት አልወቀሳቸውም፤ ከመስጊድ ሲወጡ ግን አንድ ጎረምሳ፣ “የክልል እንግዶች ውሃው ጣማቸው ወይ?” ብሎ ጠይቋቸዋል። አዮ ናቸው የነገሩኝ።

ጥቅምት መጨረሻ ባለሙያዋ መጣች። የዘንድሮ ጫማዋ እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦት ነው። የማጠቢያው ተወካይ አለ፣ እኔ አለሁ፣ የመንደሩ ሽማግሌዎች አሉ። ልጣጩ ዳር ዳሩን ይዟል፤ ሽታው ሁለተኛ ሳምንቱ ላይ ነው። እጅጌዋን ሰብስባ ጎንበስ አለች፤ በራሷ እጅ ነከረችው፤ ወፍራም ሻይ የመሰለውን ውሃ ከፍ አድርጋ ለሁላችን አሳየችን። እኔ ዓይኔን ከጠርሙሱ ላይ አልነቀልኩም፤ ከእጇ ወደ ሳጥኑ እስኪገባ፣ ሳጥኑ እስኪታሸግ። ኤሱማ ግን ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረው ነበር። ማየት አልቻሉም።

ቤት ስንደርስ አዮ ከእንስራው ቀዱላት። ቆማ በአንድ ትንፋሽ ጠጣችው። ኤሱማ ብርጭቆው እስኪጎድል ጠበቁ፤ ከዚያ ወደ ሳጥኑ ጎንበስ ብለው የተለጠፈበትን ወረቀት በጣታቸው ነኩት።

“ልጄ” አሏት፣ “ይህ ነገር ስትመለሺ በስንት ቁጥር ነው የሚገባው? አሁኑኑ ለዚህ ልጅ ንገሪው፣ ይጻፈው።”